አሮጌ ጋዜጣ ቤት ያሞቃል፤ እንጀራም ይሆናል



በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን «የራሴን ሥራ ልጀምር» ብሎ ሲነሣ ቶሎ የሚታሰቡት የንግድ ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ፣ እንጀራ መጋገር፣ ታክሲ፣ ፓርኪንግ። እነዚህ ሥራዎች ልጆች አስተምረዋል፣ አገር ቤት ያለውን ዘመድ ጦረዋል፣ ስማችንንም አስጠርተዋል፤ ምስጋና እንጂ ወቀሳ አይገባቸውም። ሆኖም በአንድ ጎዳና ላይ አንዱ ሬስቶራንት ከሌላው ጎን ሲከፈት ያው የነበረው ደንበኛ ይከፋፈላል እንጂ አዲስ ደንበኛ አይመጣም። ኡበር በ2011 መጨረሻ ወደ ዲሲ ከገባ ወዲህ ታክሲው ላይ የደረሰውን ለእናንተ መንገር ደግሞ «ለቀባሪ አረዱት» ይሆንብኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁት ብዙዎቻችን ከራሳችን በላይ ተሸክመነው ስለምንኖር፣ ነገር ግን ቀና ብለን ስለማናየው ሥራ ነው። ይኸውም በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል፣ አቲክ በሚሉት ባዶ ቦታ ውስጥ የሚገባው የሙቀት መከላከያ፣ በተለምዶ ኢንሱሌሽን የሚባለው ነው። ከኢንሱሌሽኖች ሁሉ ደግሞ ከአሮጌ ጋዜጣ የሚሠራውን፣ ሴሉሎስ የተባለውን ዓይነት መርጬላችኋለሁ። ሐሳቤን በአጭሩ ላስቀምጠው፦ ቤት ያላችሁ መጀመሪያ በራሳችሁ ቤት ሞክሩት፤ ሥራ የምትፈልጉ ደግሞ በደንብ ተምራችሁ፣ ፈቃድ አውጥታችሁ ግቡበት። ምክንያቶቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ጋቢው የሚያሞቀን ለምንድን ነው?

ጋቢ ለምን እንደሚያሞቅ አስባችሁ ታውቁ ይሆን? ጥጡ በራሱ እሳት የለውም። የሚያሞቀን በድርብርቡና በክሩ መካከል ተይዞ የማይንቀሳቀሰው አየር ነው። የመንዝ ባናና በርኖስም ብርድ የሚመክቱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የበጉ ጠጉር አየሩን ጨብጦ ይይዘዋል። የቤት ኢንሱሌሽንም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ለቤቱ ጋቢ ማልበስ ማለት ነው።

አገር ቤት ሳለን የቆርቆሮ ጣሪያ ቀን እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ አይተናል። ሣር ክዳኑ ግን ቀን ቀዝቀዝ፣ ሌሊት ሞቅ ይላል። የጭቃውን ግድግዳ አያቶቻችን በጭድ ሲያቦኩት በዋናነት እንዳይሰነጣጠቅ ብለው ቢሆንም፣ ጭዱ ግድግዳውን ቀለል ስለሚያደርገው ብርድ መከላከሉንም በጥቂቱ ያግዛል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይለጠፍ እንደነበረም የምታስታውሱ ብዙዎች ናችሁ። ያ ለጌጥ፣ ለጽዳትና ነፋስ ለመከላከል ነበር። እዚህ አገር ያለው ልዩነት ጋዜጣውን መለጠፍ ቀርቶ ፈጭተው እንደ ጥጥ አባዝተው፣ በማሽን ወደ አቲክ መንፋታቸው ነው።

ሴሉሎስ የሚባለው ኢንሱሌሽን በክብደቱ ከ82 እስከ 85 በመቶ የሚሆነው አገልግሎቱን የጨረሰ ወረቀት ነው። የቀረው እሳት እንዳይቀጣጠልበት የሚጨመርበት ኬሚካል ሲሆን፣ የተሻለው ዓይነት ቦሬት የተባለው ማዕድን ነው። ቦሬት ነፍሳትንና ሻጋታንም ይከላከላል። ጋዜጣ በኅትመት እየቀነሰ በመምጣቱ አምራቾች አሁን ካርቶንም ይቀላቅሉበታል። ከዚህ ሌላ ከጂንስ ጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሠራ የጥጥ ኢንሱሌሽን፣ የበግ ጠጉር፣ ሄምፕ የተባለው ተክል ጭረትና ጭድም አሉ። ጭድ ለቤት ግንባታ በ2015 የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሞዴል ሕግ አባሪ ውስጥ ገብቷል፤ ሄምፕ ከኖራ ጋር ተደባልቆ ደግሞ በ2024ቱ ገብቷል። ጥሩ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ የጥጡ ኢንሱሌሽን ከተለመደው ፋይበርግላስ ከ15 እስከ 20 በመቶ እንደሚበልጥ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ይገልጻል። ስለዚህ ካፒታል ለሌለው ጀማሪ የእኔ ምክር ከወረቀቱ መጀመር ነው።

ቁጥሩ ምን ይላል?

የኢንሱሌሽን ጥንካሬ የሚለካው አር ቫልዩ በተባለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሙቀቱ የሚያልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል። ተነፍቶ የሚገባ ሴሉሎስ ለእያንዳንዱ ኢንች ውፍረት ከ3.2 እስከ 3.8 ይሰጣል፤ ተነፍቶ የሚገባው ፋይበርግላስ ከ2.2 እስከ 2.7 ነው። እንግዲህ ቤታችሁ ከፍተኛው ቦታ፣ ማለትም አቲኩ፣ ጠቅላላ አር ቫልዩ ከ49 እስከ 60 እንዲኖረው የሚመከር ሆኖ ሳለ፣ አሁን ያለው 11 ብቻ ነው እንበል። ወደ 49 ለማድረስ በኢንች 3.5 ብንይዝ ወደ 11 ኢንች ገደማ ሴሉሎስ መጨመር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ እጅግ የረቀቀ ሒሳብ አይደለም። ሻጭም ገዢም ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ታዲያ ቁጠባው ምን ያህል ነው? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚገምተው፣ አየር የሚያሾልኩ ቀዳዳዎችን ደፍኖ አቲኩንና ወለሉን ያለበሰ ባለቤት በአማካይ ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪው 15 በመቶ ይቆጥባል። አንድ ቤተሰብ በዓመት ለእነዚህ ሁለቱ 2,000 ዶላር ቢያወጣ፣ 300 ዶላር ይተርፈዋል ማለት ነው። ሥራው 2,400 ዶላር ፈጅቶ ቢሆን በ8 ዓመት ውስጥ ገንዘቡ ይመለሳል። ይህ ምሳሌ ነው፤ የእናንተ ቤት ሊለይ ይችላል። «ቢላችሁ በግማሽ ይወርዳል» የሚላችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን በጥርጣሬ ተመልከቱት።

እዚህ ላይ ሐቁን ልንገራችሁ። ከ2023 እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የፌዴራል መንግሥት ለኢንሱሌሽን ወጪ 30 በመቶውን፣ በዓመት እስከ 1,200 ዶላር፣ ከታክስ ይቀንስ ነበር። በ2025 ጁላይ በወጣው ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ ለተሠራ ሥራ ይህ ጥቅም ቀርቷል። ብዙዎቻችን ሳንጠቀምበት አለፈ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን እንጂ፣ እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት የመንግሥት ድጎማ ሲመጣና ሲሄድ በእሱ ላይ ብቻ ንግድ መመሥረት እንደማይገባ ነው። ቢሉን የሚከፍለው ሰው ግን ዛሬም አለ፤ ነገም አለ። በሜሪላንድ የመብራት ኩባንያዎች በ2008 በወጣው ኤምፓወር ሜሪላንድ በተባለው ሕግ መነሻነት ለኃይል ቁጠባ ሥራ የሚሰጡት ድጋፍ ስላለ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ኩባንያችሁን ጠይቁ።

ለምን ለእኛ ይመቻል?

አንደኛ፣ መነሻ ካፒታሉ ከሬስቶራንት ጋር አይወዳደርም። ወጥ ቤት የለም፣ የቦታ ኪራይ የለም፣ ቢበላሽ የሚጣል ሥጋ የለም። በትልልቅ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች የተወሰነ ብዛት ያለው ከረጢት የገዛ ሰው የመንፊያ ማሽኑን ያለ ኪራይ ይወስዳል። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ የራስን ማሽንና ቫን መግዛት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ እኛ ከባንክ በፊት የምናውቀው ዕቁብ አለን።

ሁለተኛ፣ ደንበኛው ኢትዮጵያዊ ብቻ አይደለም። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሃያትስቪል፣ በአርሊንግተን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ የተሠሩ ብዙ ቤቶች ዛሬ በሚመከረው መጠን ያልለበሱ ናቸው። ሰውየው ስለ እንጀራ ምንም ባያውቅ የሚበርደው እንደሁላችን ነው።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልሰመረለት አዲስ መጤ ወገን በረዳትነት ገብቶ ሙያውን እያየ ሊማረው ይችላል። ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ፣ ዌዘራይዜሽን የተባለ የፌዴራል ፕሮግራም አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ቤታቸውን በነፃ ያለብሳል። ሥራውን የሚሠሩት በየአካባቢው ያሉ ድርጅቶችና ኮንትራክተሮች ሠራተኛ ቀጥረው ነው። እዚያ መቀጠር ደመወዝም ትምህርትም ነው። ከ1993 ጀምሮ ያለው ቢልዲንግ ፐርፎርማንስ ኢንስቲትዩት የሚሰጠው የሙያ ማረጋገጫ ደግሞ ለቀጣይ ዕድገት ይረዳል።

ይኸው ፕሮግራም ለራሳችሁም ሊሆን ይችላል። ገቢያችሁ ከፌዴራል የድህነት መስመር ሁለት እጥፍ ያልበለጠ ከሆነ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ተከራይም ቢሆን አከራዩ ከፈቀደ ያገኛል። የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ግን የመንግሥት እርዳታ ማመልከቻ ከመፈረማችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በዚህ ጉዳይ የጎረቤት ምክር አይበቃም።

ሕጉን ሳይዙ መግባት

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። አንዳንድ ወንድሞቻችን «ማሽኑ በነፃ ከተገኘ ምን ይከለክለኛል?» ብለው ቅዳሜና እሑድ በጥሬ ገንዘብ መሥራት ይቃጣቸዋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ያገራችን ሰው። በሜሪላንድ በሰው ቤት ላይ የማሻሻያ ሥራ ለመዋዋል የሜሪላንድ ሆም ኢምፕሩቭመንት ኮሚሽን ፈቃድ ግዴታ ነው። ለዚህ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት ማሳየትና ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ሰው ደንበኛው ሳይከፍለው ቢቀር በውሉ ላይ ተመሥርቶ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስከፈል አይችልም። ፈቃድ ያለውም ቢሆን ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀብድ መቀበል አይፈቀድለትም። ቨርጂኒያና ዲሲ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በአንዱ ፈቃድ በሌላው መሥራት አይቻልም።

ሌላው፣ ወዳጅንና ዘመድን «በ1099 ይሥራ» እያሉ ማሰማራት ነው። ሜሪላንድ በ2009 ባወጣችው ሕግ በኮንስትራክሽን ሥራ ላይ ያለ ሰው ተቃራኒው ካልተረጋገጠ በቀር ተቀጣሪ ነው ተብሎ ይወሰዳል። እጁ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? በዘመድነት ተጀምሮ በፍርድ ቤት የሚያልቅ ንግድ ስንት አይተናል!

የምትቀጥሩትም ሰው፣ እናንተም ራሳችሁ የሥራ ፈቃዳችሁ የሚያበቃበትን ቀን ተከታተሉ። ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ጀምሮ ለገቡ አብዛኞቹ የእድሳት ማመልከቻዎች ቀድሞ በራሱ ይራዘም የነበረው ጊዜ ቀርቷል። ማመልከቻውን በመጨረሻው ሳምንት የሚያስገባ ሰው ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል።

የሙያው ምሥጢሮች

ሙያ ነው ስላችሁ አንድ ከረጢት ከፍቶ መንፋት ብቻ አይምሰላችሁ። የሚከተሉትን ሳያውቅ አቲክ የሚወጣ ሰው በራሱም በደንበኛውም ሕይወት ይጫወታል።

መጀመሪያ ቀዳዳ ይደፈናል። በመብራት ገመድ፣ በቧንቧና በጭስ ማውጫ ዙሪያ የሚሾልከው አየር ካልተዘጋ ጋቢ ለብሶ ደረትን ከፍቶ እንደመሄድ ነው። የጭስ ማውጫውን ዙሪያ ግን በቆርቆሮና እሳት በሚችል ማሸጊያ እንጂ በፎም አትዝጉት።

ሁለተኛ፣ ውሃ። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ጥቅሙም ይጠፋል። የሚያፈስ ጣሪያ ሳይጠገን፣ የመታጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ማውጫ ወደ አቲኩ ሳይሆን ወደ ውጭ መውጣቱ ሳይረጋገጥ ሥራ አይጀመርም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለው የአየር መግቢያም መደፈን የለበትም።

ሦስተኛ፣ እሳት። በጥንት ቤቶች ውስጥ በሸክላ ማያያዣ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ በኢንሱሌሽን መሸፈን በኤሌክትሪክ ሕጉ ክልክል ነው። ኮርኒስ ውስጥ የገባ መብራት በኢንሱሌሽን ለመሸፈን የተፈቀደ ዓይነት ካልሆነ ቢያንስ 3 ኢንች መራቅ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መርዝ። አቲኩ ውስጥ ግራጫማ ቡናማ፣ ጠጠር የሚመስልና የሚያብረቀርቅ ነገር ካያችሁ ሳትነኩት ውረዱ። ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ የተሸጠው አብዛኛው በ1990 ከተዘጋው የሊቢ ሞንታና ማዕድን የመጣ ሲሆን አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ነው። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ላይ ለመንፋት ቀዳዳ ስትበሱም ስለ እርሳስ ቀለም የወጣው፣ ከኤፕሪል 2010 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ ይመለከታችኋል፤ ድርጅታችሁ ለዚህ ሥራ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ድፍን የጡብ ግድግዳ ያለውን የዲሲ ቤት ደግሞ አትብሱት፤ ውስጡ የሚነፋበት ባዶ ቦታ የለውም።

አምስተኛ፣ ኬሚካሉ። ከረጢቱን አንብቡ። በአሞኒየም ሰልፌት የተሠራው ሴሉሎስ ሲረጥብ ይሸታል፣ ብረትም ያዝጋል። ፈረንሳይ የአሞኒየም ጨው ያለበትን ሴሉሎስ በ2013 ከልክላለች። ቦሬት ብቻ ያለበትን ምረጡ። አቧራውም ሳንባ አይወድም፤ ያለ ጭምብል አትሥሩ።

ገዢዎችም ሻጮችም፣ ደረሰኙን!

በዚህ ሥራ ውስጥ የታወቀው ማጭበርበር አየር መሸጥ ነው። ጥቂት ከረጢት ብዙ አየር ጨምሮ ሲነፋ ውፍረቱ የተባለውን ይመስላል። ሴሉሎስ ግን በጊዜ ብዛት እስከ 20 በመቶ ድረስ ሊሟሽሽ ይችላል፤ አየር የበዛበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይወርዳል። ስለዚህ የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከ1980 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ሠራተኛው ለደንበኛው በውሉ ወይም በደረሰኙ ላይ የተሸፈነውን ስፋት፣ ሲነፋ ያለውን ውፍረት፣ ከሟሸሸ በኋላ የሚኖረውን አነስተኛ ውፍረት፣ አር ቫልዩውንና የገቡትን ከረጢቶች ብዛት እንዲጽፍ ያዛል። ገዢ ከሆናችሁ ይህን ሳታገኙ የመጨረሻውን ክፍያ አትክፈሉ። ሻጭ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ስጡ። ባዶ ከረጢቶቹንም አስቆጥሩ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከሌሎች የምንለይበት የንግድ ምልክታችን ይህ ሊሆን ይገባል፤ ሐበሻ የሠራው ቤት ከረጢቱ ተቆጥሮ የተሰጠ ነው ይባልልን።

«ወረቀት ኮርኒሴ ላይ ጭኜ እሳት ልጥራ?» የሚሉ ይኖራሉ። ስጋቱ የሚጠበቅ ነው። ለዚህም ነው ሴሉሎስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፌዴራል የእሳት ደረጃ የሚመዘነው። በትክክል የታከመ ሴሉሎስ ነበልባል ሲነካው ይከስላል እንጂ እንደ ተራ ወረቀት አይንቦገቦግም። «አይጥ አይወደውም ወይ?» ለሚሉም፣ አይጥ ከየትኛውም ኢንሱሌሽን ጋር ይስማማል። መፍትሔው የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ ያም የሥራው አካል ነው።

«ለተማረ ሰው አቲክ ውስጥ መንፏቀቅ ምን ክብር አለው?» የሚለው ግን ከሁሉ የከፋው ተቃውሞ ነው። በጁላይ ሙቀት አቲክ ውስጥ መሥራት ከባድ ነው፤ አልደብቃችሁም። ሆኖም ሌሊት ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ከመቆዘም የሚያንስ ክብር የለውም። ልዩነቱ የኋለኛው ሥራ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ይህኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የራስ ሊሆን መቻሉ ነው።

በመጨረሻም፣ ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ማስመሪያና የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የራሳችሁን አቲክ በር ክፈቱ፤ ጠጠር መሳይ ነገር ካልታያችሁ ውፍረቱን ለኩ። ከ6 ኢንች ካነሰ ቤታችሁ ነጠላ ለብሶ ክረምቱን ሊያሳልፍ ነው ማለት ነው። ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራያችሁ ንገሩት። ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለቱን ዓመት ልምድ ዛሬ መቁጠር ጀምሩ፤ ከጀመሩት ያልቃል። ለዕቁባችሁም አባላት ይህን ጉዳይ አንሡላቸው። አምስት ሰው የየራሱን ሬስቶራንት ከሚከፍት፣ አምስቱ ፈቃድ ባለው አንድ ድርጅት ቢሰባሰቡ ይሻላል ባይ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።